ከንቱ የተባለው ማር

ወጣቶች አንባብያን ሆይ፤ ሰው ያላወቀውን ነገር ለመናቅ ምንኛ ይፈጥናል! አንድ ነገር አይቶ ጥቅሙ ያልተገለጠለት እንደ ሆነ፣ «ጥቅሙን አላወቅሁም» ማለት ሲገባው፣ «ጥቅም የለውም» ብሎ ይደመድማል። እነዚህ ሁለት አነጋገሮች ለጆሮ ቢቀራረቡም በመካከላቸው ያለው ርቀት ታላቅ ነው፤ የመጀመሪያው ደጁን ክፍት ይተዋል፣ ሁለተኛው ግን ይዘጋዋል። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባስተማርሁበት ዘመን ይህን ደጅ በስንት ልጅ ፊት እንደ ዘጋሁ ቈጥሬ አልዘልቀውም። ስለ አንዱ ግን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ከእርሱም ጋር የጉንዳንንና የዛፍን ታሪክ አጫውታችኋለሁ።

ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ተማሪዎቹ እርሻ የሚለማመዱበት ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረን። ከወንዝ ውሃ እየጠለፍን በበጋ ባቄላ እንዘራበት ነበር። በኅዳር ወር አንድ ቀን በቀትር፣ ልጆቹ ሲያርሙ፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ መኰትኰቻውን አስቀምጦ ከባቄላው አጠገብ ቍጢጥ ብሎ አንድ ነገር ሲመለከት አገኘሁት። «ምን ትሠራለህ?» አልሁት። «ጋሼ፣ ባቄላው ገና አበባ አላወጣም፤ ጉንዳኖቹ ግን ከቅጠሉ ሥር ቆመው ይልሳሉ። ምን ይሆን የሚልሱት?» አለኝ። እኔም ጐንበስ ብዬ እንኳ ሳላይ፣ «ጤዛ ነው፤ ይልቅ ሥራህን ሥራ» አልሁት። ልጁ ቀና ብሎ ወደ ፀሐይዋ ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ በቀትር ጤዛ አለ?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። የሳቁት በእኔ ስለ መሰለኝ ተቈጣሁና ደወል እስኪደወል ድረስ በፀሐይ ላይ እንዲቆም አዘዝሁት። ልጁ በዚያ ዓመት ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ይህን የማወራው ራሴን ነጻ ለማድረግ አይደለም። እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ ጥያቄውና መልሱ ተያይዘው የታተሙበትን መጽሐፍ በቃሌ እያጠናሁ ነበር ያደግሁት። ስለዚህ መልሱ በእጄ የሌለ ጥያቄ ሲገጥመኝ ጥያቄው ራሱ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ጊዜ አገኘሁና ስለ ዕፀዋት የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመርሁ። ያን ጊዜ ነው፣ የዚያ ልጅ ጥያቄ የታላላቅ ሊቃውንት ጥያቄ እንደ ነበረና ከመቶ ዓመት በላይ እንዳከራከራቸው የተረዳሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩን እንወቀው። አበባ ጣፋጭ ወለላ እንዳለውና ንብም እርሱን ለመቅሰም እንደምትመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንቧ ወለላውን ስትቀስም የአበባው ብናኝ በሰውነቷ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ ስትሄድም ታደርሰዋለች። ስለዚህ ወለላው የመልእክተኛ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ዕፀዋት አበባ በሌለበት ቦታ ደግሞ ወለላ ያፈልቃሉ። ባቄላን የተመለከታችሁ እንደ ሆነ፣ የቅጠሉ ዘንግ ከአገዳው በሚወጣበት ቦታ አገዳውን ያቀፉ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች አሉ፤ በእነርሱም ላይ ጠቈር ያለ ነጥብ ይገኛል። ወለላው የሚወጣው ከዚያ ነው። ጉሎ በቅጠሉ ዘንግ ላይ ኪንታሮት የሚመስሉ ትንንሽ እብጠቶች አሉት፤ ጥጥ በቅጠሉ ጀርባ በደም ሥሩ ላይ፣ ኮክም ከቅጠሉ ግርጌ እንዲሁ አላቸው። በእነዚህ ቦታዎች ለንብ የሚሰጥ ብናኝ የለም። ታዲያ ተክሉ ስንት ደክሞ ያዘጋጀውን ስኳር በዚያ የሚያፈሰው ለማን ነው?

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው በዝነኛው መጽሐፉ ይህን ነገር አንሥቶ ነበር። የእርሱም አሳብ፣ ተክሉ በውስጡ የሚጐዳውን ነገር ለማስወገድ ይህን ጣፋጭ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይጥለዋል የሚል ነበር። ይኸውም ሰው ላብ እንደሚያልበው ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበረው አስተያየት ወለላው ትርፍና ጥራጊ ነው፣ ጉንዳኑም ከጥራጊ ላይ የሚለቃቅም ነው የሚል ሆነ።

ይህን አስተያየት ያናወጠው ሰው ማዕድን አስቈፋሪ ነበር። ቶማስ ቤልት በ1832 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ተወለደ፤ ከ1868 እስከ 1872 ድረስ በመካከለኛው አሜሪካ በኒካራጓ፣ ቾንታሌስ በሚባለው አውራጃ የወርቅ ማዕድን ሥራ ኀላፊ ሆኖ ኖረ። ሥራው ድንጋይ ማስፈለጥ ቢሆንም ዓይኑ ግን በመንገዱ ያለውን ፍጥረት ሁሉ ይመረምር ነበር። በዚያ አገር እሾሁ እንደ ኮርማ ቀንድ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል የግራር ዓይነት አለ። ጉንዳኖች እሾሁን ከጫፉ አጠገብ በስተው በውስጡ ይኖራሉ። ቤልት ልብ ብሎ ሲመለከት፣ በቅጠሉ ዘንግ ላይ ማር የሚመስል ፈሳሽ የሚያፈልቁ ጕድጓዶች፣ በትንንሾቹ ቅጠሎች ጫፍም ቢጫ ፍሬ የሚመስሉ ምግቦች አገኘ። ጉንዳኖቹ መጠጡንም ምግቡንም ቤቱንም ከዛፉ ያገኛሉ። ሰው ወይም እንስሳ ዛፉን የነካ እንደ ሆነ ግን ከየእሾሁ ወጥተው ይነድፋሉ።

ቤልት በዚህ አላበቃም። የዚያን ግራር ዘር ወስዶ በአትክልት ቦታው ዘራ። ችግኞቹ በቀሉ፤ በአካባቢውም ብዙ ዓይነት ጉንዳን ነበረ። ይሁን እንጂ በእሾሁ የሚኖረው ዓይነት በዚያ ስላልተገኘ፣ እሾሁን ቤት ያደረገ፣ ወለላውንም የጠጣ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅጠል ቈራጭ የሚባሉት ጉንዳኖች መጥተው ችግኞቹን ቅጠል አልባ አደረጓቸው። ቤልትም ከዚህ ተነሥቶ፣ እነዚያ ጉንዳኖች የዛፉ ዘብ ናቸው፣ ወለላውም የዘቡ ደመወዝ ነው ብሎ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። ይህ ሰው አራት ዓመት በኖረበት ሰፈር ለማየት ጐንበስ አለ፤ እኔ ግን በየቀኑ በማልፍበት መደብ አጠገብ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

በዚያው በ1874፣ ፌዴሪኮ ዴልፒኖ የሚባል ኢጣልያዊ የዕፀዋት መምህር ከቤልት ጋር ሳይመካከር ወደዚሁ አሳብ ደረሰ። ዴልፒኖ ወለላን በሁለት ከፈለው። አበባን ለማስረገዝ የሚያገለግለውን የሠርግ ወለላ ብሎ ጠራው፤ ሌላውን ደግሞ ከሠርግ ውጭ የሆነ ወለላ አለው። የመጀመሪያው ለድግሱ፣ ሁለተኛው ደጅ ለሚጠብቁት ነው። ከ1886 ጀምሮም፣ ጉንዳን ወዳጅ የሆኑ ዕፀዋትን እየሰበሰበ ሰፊ ሥራ አሳተመ።

ዳርዊን የቤልትን መጽሐፍ አንብቦ እጅግ አመሰገነው። ነገር ግን አሳቡን በሙሉ አልተቀበለም። በ1876 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ የባቄላ ዘመድ በሆነ አንድ የመኖ ተክል ላይ ያየውን ጽፏል። ፀሐይ ስትወጣ ወለላው ከቅጠሉ ሥር ይፈስሳል፣ ንቦችም ይመጣሉ፤ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ፈሳሹ ይቆማል፣ ንቦቹም ትተው ይሄዳሉ። ስለዚህ በቤልት ግራር ላይ ወለላው ዘብ ለመሳብ እንደሚያገለግል ቢያምንም፣ በሁሉም ተክል ላይ እንደዚያ ነው ለማለት አልደፈረም። ዳርዊን ተሳስቶ እንደ ሆነ እንኳ፣ ስሕተቱ በፀሐይና በደመና ተክሉን ተመልክቶ የደረሰበት ስሕተት ነው። መጠራጠር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያዩ መፍረድ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ክርክሩ ቀጠለ። ብዙዎች ሊቃውንት ጉንዳኑ የራሱን ሆድ ይሞላል እንጂ ለዛፉ ምን ገዶት ይሉ ነበር። ክርክሩ የረዘመበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱ ወገን ያየውን ሲናገር ሌላው ወገን ሌላ ያየውን ይናገራል እንጂ፣ ነገሩን በሚዛን ላይ ያስቀመጠ አልነበረም። ሚዛኑን ያመጣው ዳንኤል ጃንዘን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ተማሪ ነው። ጃንዘን በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ቈላ የኮርማ ቀንድ ግራሮችን በሁለት ከፈለ። በአንደኛው ወገን ጉንዳኖቹን ተዋቸው፤ ከሁለተኛው ወገን ግን መኖሪያቸውን ቈርጦ ወይም መድኃኒት ረጭቶ አስወገዳቸው። ከዚያም ለካ፣ መዘነ፣ ቈጠረ። ከ10 ወር በኋላ ዘብ ካላቸው ዛፎች ከመቶ 72 በሕይወት ሲገኙ፣ ዘብ ከሌላቸው ግን 43 ብቻ ተገኙ። ዘብ የሌላቸውን ትል በላቸው፣ ሐረግም አነቃቸው፤ ጉንዳኖቹ በዛፉ ዙሪያ የሚበቅለውን ሐረግ እንኳ ይቈርጡ ነበርና። ይህ ጥናት በ1966 ታትሞ ወጣ። ቤልት ከጻፈበት ዓመት ጀምሮ 92 ዓመት መሆኑ ነው።

የእኛ ባቄላስ? እርሱም ከታሪኩ አልቀረም። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ የባቄላ ቅጠል በተቈረጠ ጊዜ፣ ልክ ትል እንደ በላው ሁሉ፣ ተክሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የወለላ ነጥቦቹን ቍጥር እንደሚያበዛ ገለጠ። ጠላት በመጣ ጊዜ ደመወዝ ጨምሮ ዘብ ይጠራል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጉንዳንን እንደ ጻድቅ አድርገን አንቍጠረው። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ከወለላው የበለጠ ጣፋጭ ያቀረበለት እንደ ሆነ፣ ያው ጉንዳን ተባዩን ሲጠብቅ ይገኛል። ጉንዳን የሚጠብቀው የከፈለውን ነው።

አሁን ደግሞ የታሪኩን ፍሬ ወደ ያዘው ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንሂድ። ከኬንያ ተራራ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ላይኪፒያ በሚባለው ሜዳ፣ በዋልካ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ግራር በብዛት ይበቅላል፤ በእኛም አገር በቦረና ይገኛል። የእሾሁ ግርጌ እንደ ኳስ አብጦ ውስጡ ባዶ ነው። ጉንዳን የበሳውን ቀዳዳ ነፋስ ሲነፍስበት ያፏጫል። ይህም ዛፍ ከቅጠሉ ግርጌ ወለላ ያፈልቃል፤ ጉንዳኖቹም ያን እየጠጡ በእሾሁ ውስጥ ይኖራሉ። ዝሆን ሊበላው ሲመጣ ጉንዳኖቹ ወጥተው ኩምቢውን ይነክሳሉ። ያን የሚያህል እንስሳ፣ ያን በሚያህል ጉንዳን ተሸንፎ ይመለሳል። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ጉንዳኖቹ ከተወገዱ ዝሆን ያን ዛፍ እንደ ሌላው ግራር ያለ ፍርሃት ይበላዋል።

በዚሁ ሜዳ ላይ ተመራማሪዎች በ1995 ጠንካራ አጥር አጥረው ዝሆንና ቀጭኔ ሌሎችም ትልልቅ ቅጠል በሎች እንዳይገቡ አደረጉ። እናንተ ብትጠየቁ ምን ትሉ ነበር? ጠላት የተከለከለለት ዛፍ ይፋፋል አትሉምን? እኔም እንደዚያ ባልሁ ነበር። ነገር ግን ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ሆነ። ውጤቱም በ2008 ታተመ። በአጥሩ ውስጥ ያሉት ዛፎች ጠላት ስላጡ ወለላቸውን ቀንሰዋል፤ ለጉንዳን ቤት የሚሆኑትንም ያበጡ እሾሆች አሳንሰዋል። ደመወዙ ያነሰበት ታማኝ ዘብም ደከመ፤ በብዙ ዛፍ ላይ በሌላ ዓይነት ጉንዳን ተሸንፎ ስፍራውን ለቀቀ። ይህ አዲሱ ጉንዳን በእሾህ ውስጥ አይኖርም፤ ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ ይኖራል እንጂ። ስለዚህ ጥንዚዛውን አያባርርም፤ ይልቁንም ለእርሱ መምጣት ይመቻል። በመጨረሻም አዲሱ ጉንዳን የሰፈረባቸው ዛፎች እድገታቸው ዘገየ፣ የሚሞቱትም በዙ።

ልብ አድርጉ፤ ዛፉን የገደለው ዝሆን አይደለም። ዝሆን ከአጥሩ ውጭ ነበረ። ዛፉ አሳብ ያለው ቢሆን ኖሮ፣ «ዝሆን ከሌለ ዘብ ለምኔ? ይህ ወጪ ከንቱ ነው» ያለ ይመስላል። ዘቡ ግን ከዝሆን ብቻ ሳይሆን፣ ዓይን ከማያየው ከግንድ በሺውም ይጠብቀው ነበር። ሰውም እንደዚሁ ነው። ችግር ባለፈ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰናበተው ድምፁ የማይሰማው አገልጋይ ነው። የጐርፍ መከላከያውን እርከን በዝናብ አልባ ዓመት ያፈርሱታል፤ ወንዙ እስኪሞላ ድረስም እንዳፈረሱት አያውቁም።

የላይኪፒያ ነገር በዚህም አላለቀም። ከሌላ አገር የመጣ ራሰ ትልቅ የሚባል ጉንዳን ወደዚያ ሜዳ ገብቶ ነባሮቹን ዘቦች መፍጀት ጀመረ። እርሱ ዛፉን ከዝሆን አይጠብቅም። በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ እርሱ በገባበት ስፍራ ዝሆኖች ዛፎቹን ከ5 እስከ 7 እጥፍ አብልጠው ይሰባብራሉ። ዛፍ ሲያልቅ ሜዳው ገላጣ ይሆናል፤ አንበሳም የሜዳ አህያን አድብቶ የሚይዝበት መሸሸጊያ ያጣል። በ2003 አንበሶች ከሚገድሏቸው እንስሳት ከመቶ 67 የሜዳ አህያ ሲሆን፣ በ2020 ወደ 42 ወረደ፤ አንበሶቹም ብርቱና አደገኛ ወደ ሆነው ወደ ጎሽ ማደን ተመለሱ። የአንበሳ ማዕድ በጉንዳን ላይ ቆሞ እንደ ነበር ማን አሰበ?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው ትጋት እንዲማር ወደ ጉንዳን ላከው። እኔ ደግሞ ችኵልን ሰው መታገሥን እንዲማር ወደ ጉንዳኑና ወደሚልሰው ጠብታ እልከዋለሁ። በምታድጉበት አገር፣ በምትገቡበት መሥሪያ ቤት፣ በአባቶቻችሁም ልማድ ውስጥ ጥቅሙ የማይታያችሁ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ። ከእነዚህ አንዳንዱ በእርግጥ ከንቱ ይሆናል፤ እርሱን አስወግዱት። ነገር ግን አስቀድማችሁ ጐንበስ ብላችሁ እዩት፣ ለኩት፣ ጠይቁም። የምታስተምሩም ብትሆኑ፣ ልጅ ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፤ ና አብረን እንይ» ከማለት አትፈሩ። ይህ ቃል መምህርን አያዋርደውም። እኔን ያዋረደኝ ይህን ቃል አለማለቴ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የት እንዳለ አላውቅም፤ አጠያይቄም አላገኘሁትም። በዚያ ቀን ከእርሱ ጋር ቍጢጥ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ቢያንስ ግን መጠየቅን አይተውም ነበር። ባለፈው በጋ በግቢዬ ጥቂት ባቄላ ዘራሁ። አበባ ሳያወጣ፣ የማነብበትን ማጕያ መስተዋት ይዤ፣ ጕልበቴ እያመመኝ ከአጠገቡ ተቀመጥሁ። በጥቍሩ ነጥብ ላይ አንዲት ትንሽ ጠብታ ታበራ ነበር፤ ሁለት ጉንዳኖችም ከዚያ ቆመው ይልሱ ነበር። በጣቴ ነክቼ ቀመስሁት፤ ይጣፍጣል። ጊዜው ቀትር ነበር፤ ጤዛም አልነበረም።